ኢብኑል ሀይሠም፦ ከዓባይ ወደ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም፣ የዓባይን ጎርፍ ሊገታ ግብፅ እንደገባ ይነገራል። አስዋን ደርሶ ወንዙን ሲያይ ግን እንደማይቻል ተረዳ። የኸሊፋ አል-ሓኪምን ቁጣ ፈርቶም አእምሮውን የሳተ መስሎ ኸሊፋው በ1021 እስኪሞት ቤት ውስጥ ተዘግቶ ኖረ ይባላል።

በዚያው ዘመን «ኪታቡል መናዚር»ን ጻፈ። ብዙዎች ዓይን ጨረር ይረጫል ሲሉ፣ እሱ ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚገባ በሙከራ አስረዳ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓን አስተማረ። እሱም በ1040 አካባቢ ካይሮ ውስጥ አረፈ።

ዛሬ ሩቅ ማየት ለሚቸግረው ሰው ማታ ተደርጎ ጠዋት የሚወልቅ ሌንስ አለ። ሌሊቱን የዓይን ብሌንን መሃል ጠፍጠፍ ሲያደርገው፣ ብርሃኑ ረቲና ላይ ያርፋል፤ ሌንሱ ከተተወ ብሌኑ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ይመለሳል። የዚህ ሁሉ መነሻ የብርሃንን መንገድ ማወቅ ነው። አላህ ይዘንለት።