ቱርጎ፤ ሃያ ወር የቆየው የገንዘብ ሚኒስትር

መንግሥት ከእህል ዋጋ ላይ እጁን ያንሣ፤ ነጋዴም እንደ ልቡ ይግዛ፥ ይሽጥ የሚለው ክርክር በብዙ ታዳጊ አገሮችና ከሶሻሊዝም ሥርዓት በወጡ አገሮች ተደጋግሞ ተነሥቷል። ዳሩ ግን ነገሩ የትናንት አይደለም። ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ በአዋጅ ሞክሮ ሹመቱን ያጣ አንድ የፈረንሳይ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አን ሮቤር ዣክ ቱርጎ የተወለደው በ1727 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን በፓሪስ ነው። አባቱ የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ የሚባለውን፥ ከከንቲባነት የማይተናነስ ሹመት የያዘ ሰው ነበር። ልጁ ግን እጅግ ዓይነ አፋር ስለ ነበረ እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ይደበቅ ነበር ይባላል። ይህ ዓይነ አፋርነት ካደገም በኋላ አልለቀቀውም፤ በቤተ መንግሥት ኩራት እየመሰለ ብዙ ጠላት አፍርቶበታል።

የመጨረሻ ወንድ ልጅ በመሆኑ ለቤተ ክህነት ታስቦ በሶርቦን ተማረ። በ1751 ዓ.ም. ግን ክህነቱን ትቶ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ። ከዚያም የንግድ ተቆጣጣሪ ከነበረው ከቬንሳን ደ ጉርኔ ጋራ በየአገሩ እየዞረ ሸማኔውንና ነጋዴውን፥ ደንብና ቀረጥ እንዴት አድርጎ እንዳሰራቸው በዓይኑ አየ።

በ1761 ዓ.ም. በሊሞዥ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። አገሩ ድሀ፥ መሬቱ የደከመ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሀብታሚቱ ከተማ ወደ ሊዮን መዛወር ሲችል፥ የጀመረውን የግብር ሥራ ሳይጨርስ መሄድን አልወደደም፤ በዚያው 13 ዓመት ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ገበሬው በራሱ በሬና ጋሪ፥ ያለ አንዳች ደመወዝ፥ የመንግሥት መንገድ ይሠራ ነበር። ቱርጎ ይህን የጉልበት ግብር አስቀርቶ በገንዘብ ለወጠው፤ መንገዱንም በደመወዝተኛ አሠራ። ድንች በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ በራሱ ገበታ እያቀረበ ሕዝቡን አስለመደ።

በ1770 ዓ.ም. ራብ በገባ ጊዜ ያደረገው በተለይ የሚታሰብ ነው። የእህል ዋጋ በአዋጅ አልወሰነም፤ እህል ከአገር ወደ አገር እንዳይሄድ የሚከለክሉትንም ተቃወመ። ነጋዴው ዋጋ ከተቆረጠበት እህሉን ወደ ሌላ ይወስዳል፤ ወይም ይሸሽጋል ብሎ ያምን ነበርና። ነገር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለሥራ የደረሱት መንገድ እየሠሩ የሚከፈላቸውን የእርዳታ ሥራ አቋቋመ፤ ባለ መሬቶችም ጭሰኞቻቸውን እስከ መከር እንዲቀልቡ አስገደደ። ስለ ቱርጎ የሚጽፉ ሰዎች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሲያነሡ ይታያል፤ በሊሞዥ ግን ሁለቱም በአንድነት ነበሩ።

በ1766 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተምረው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሁለት ቻይናውያን ወጣቶች ነበሩ። ቱርጎ ስለ ቻይና ሀብት ብዙ ጥያቄ ጽፎ ሰጣቸው፤ ጥያቄው እንዲገባቸውም ሀብት እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያስረዳ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ደረሰላቸው። የአዳም ስሚዝ ትልቁ መጽሐፍ የወጣው ከዚህ 10 ዓመት በኋላ ነው።

በ1774 ዓ.ም. ወጣቱ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በነገሡበት ዓመት፥ በኦገስት ወር ቱርጎን በገንዘብ ሚኒስትርነት ሾሙት። ግምጃ ቤቱ በዕዳ ተይዞ ነበር። እርሱም ዕዳ እንዳይካድ፥ ግብር እንዳይጨመር፥ አዲስ ብድርም እንዳይወሰድ፥ ወጪ ብቻ እንዲቀነስ ለንጉሡ አሳሰበ። በሴፕቴምበር 13 ቀን የእህል ንግድ በመንግሥቱ ውስጥ ነፃ የሚሆንበት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በፊት ነጋዴው ስሙን ማስመዝገብ፥ እህሉንም ከተወሰነው ገበያ ውጭ አለመሸጥ ግዴታው ነበር። በንጉሡ ሒሳብ እህል መግዛትም ቀረ።

ያ ዓመት ግን መከሩ ያነሰበት ዓመት ሆነ። እህል የሚያመላልስ ነጋዴ ገና አልበዛም፤ የጋሪው ጉዞም አዝጋሚ ነው፤ የዋጋው ወሬ ከእህሉ ቀድሞ ደረሰ። በፓሪስ 4 ሊብራ የሚመዝነው ዳቦ ከ11 ሱ ተነሥቶ ወደ 14 ሱ ገደማ ወጣ። ከገቢው ግማሹን ለዳቦ ለሚያወጣ የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል አልነበረም። በኤፕሪልና በሜይ 1775 ዓ.ም. ሕዝቡ ጎተራና ጀልባ እየከፈተ እህሉን በፈቀደው ዋጋ ተከፋፈለ። የዱቄት ጦርነት የተባለው ይህ ነው። ቱርጎ ጦር ሠራዊት አዘዘ፤ በሜይ 11 ቀን ሁለት ሰዎች በፓሪስ አደባባይ ተሰቀሉ። ከሁለቱ አንደኛው ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ሊሞዥን መንደር በመንደር ያውቃት የነበረው ሹም ፈረንሳይን በሙሉ ሲያስተዳድር፥ ሕጉን ከመከሩ አስቀደመ ብንል አንሳሳትም።

እርሱ ግን ወደ ኋላ አላለም። በ1776 ዓ.ም. መጀመሪያ ስድስት አዋጆች በአንድነት አቀረበ። ከእነዚህ አንዱ የጉልበት ግብርን በመላ አገሩ ሽሮ፥ ወጪው በባለ መሬቶች ሁሉ፥ በመኳንንቱም ጭምር ላይ እንዲወድቅ የሚያደርግ ነበር፤ ሌላው አዲስ ሠራተኛ እንዳይገባ በር ይዘጉ የነበሩትን የእጅ ሥራ ማኅበራት የሚያፈርስ ነበር። የፓሪስ ፍርድ ቤት አዋጆቹን አልመዘግብም ቢል፥ ንጉሡ በማርች 12 ቀን ራሳቸው ተሰይመው አስመዘገቡ። መኳንንቱ፥ ዳኞቹ፥ የማኅበር አለቆቹና ንግሥቲቱ በአንድ ጊዜ ተነሡበት። ከእንግሊዝ ጋራ በአሜሪካ ጉዳይ መዋጋት ግምጃ ቤቱን ያራቁታል ብሎ መከራከሩም አልጠቀመውም። በሜይ 12 ቀን ንጉሡ ሻሩት። በኦገስት ወር የጉልበት ግብሩም ማኅበራቱም ተመለሱ።

ቱርጎ ከዚያ ወዲህ ሪሕ እያሠቃየው ከመጻሕፍቱ ጋራ ኖረ፤ በማርች 1781 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ሞተ። ማኅበራቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያፈረሳቸው የ1791 ዓ.ም. ሕግ ሲወጣ፥ ሕጉን ያወጣው የአብዮቱ ምክር ቤት ነበር።