ፍሎረንስ ናይቲንጌልና የስኩታሪ የሙታን መዝገብ

ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን በየዓመቱ ሜይ 12 ቀን የሚከበረው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት ዕለት በመሆኑ ነው። በዚህ ዕለት በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ ስለ እርስዋ የሚነገረው በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች አልጋ መካከል የተመላለሰችው ርኅሩኅ አስታማሚ ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ እውነት ቢሆንም፣ ከዘጠና ዓመት ዕድሜዋ ውስጥ ሁለት ዓመት እንኳ የማይሞላውን ጊዜ ብቻ የሚገልጽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያከናወነችው የረጅም ዘመን ሥራ፣ ማለትም በመከራ ጊዜ ሰው በምን ምክንያት እንደሚሞት በቁጥር መርምሮ የማወቅ ሥራ፣ በሙያው ላይ በተሰማሩት ዘንድ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይቲንጌል በ1820 ከሀብታም የእንግሊዝ ቤተ ሰብ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስምዋም የተወሰደው ከዚችው ከተማ ነው። አባትዋ ዊልያም ናይቲንጌል በዘመኑ ለሴት ልጅ ያልተለመደውን ትምህርት፣ የግሪክና የላቲን ቋንቋን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን ራሱ አስተማራት። እርስዋም ከነዚህ ሌላ ለሒሳብ ትምህርት ልዩ ፍቅር ነበራት። አሥራ ስድስት ዓመት በሆናት ጊዜ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት አመነች። አገልግሎቱ ሕመምተኞችን ማስታመም መሆኑን በገለጸች ጊዜ ግን ቤተ ሰብዋ አጥብቀው ተቃወሙ፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሆስፒታል አስታማሚነት የድኾችና የስካር ስም የወጣላቸው ሴቶች ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። ከብዙ ዓመታት ትግል በኋላ በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ለሦስት ወር ያህል ሠለጠነች። በ1853 በለንደን የአንድ አነስተኛ ሆስፒታል ኀላፊ ሆነች።

በማርች 1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኦቶማን ቱርክ ጋር ወግነው በሩሲያ ላይ ጦርነት ዐወጁ። በሴፕቴምበር ወር ሠራዊታቸው በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በክሪሚያ ምድር ወረደ። የእንግሊዝ ጦር ቁስለኞችና ሕመምተኞች በመርከብ እየተጫኑ ባሕሩን ተሻግረው፣ ከቁስጥንጥንያ ትይዩ በቦስፎር ወሽመጥ ማዶ ወደምትገኘው ወደ ስኩታሪ ይወሰዱ ነበር። በዚያ ያለው የሕሙማን ይዞታ እጅግ አሳዛኝ መሆኑን የዘ ታይምስ ጋዜጣ በገለጸ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ተቈጣ። የጦር ጉዳይ ሚኒስትርና የናይቲንጌል ወዳጅ የነበረው ሲድኒ ኸርበርትም አስታማሚዎችን መርታ እንድትሄድ ጠየቃት። ሠላሳ ስምንት ሴቶችን ይዛ ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ስኩታሪ ደረሰች። በማግሥቱም የኢንከርማን ጦርነት ተደርጎ አዳዲስ ቁስለኞች ይጎርፉ ጀመር።

ሆስፒታል የተባለው ሕንፃ ቀድሞ የቱርክ ወታደሮች ሰፈር የነበረ ግዙፍ ቤት ነው። ክፍሎቹ ሞልተው ሕመምተኞቹ በረጃጅሞቹ መተላለፊያዎች ወለል ላይ ተደርድረው ይተኙ ነበር። ከሕንፃው በታች ያሉት የቆሻሻ መውረጃ ቦዮች ተዘግተው ሽታቸው ወደ ሕሙማኑ ክፍል ይመለስ ነበር። የሚለወጥ ልብስ፣ የሚያስታጥብ ዕቃ፣ ለሕመምተኛ የሚስማማ ምግብ አልነበረም። ከጦር ግንባር የሚመጡት ወታደሮች ብዙዎቹ የጥይት ቁስል ያልነካቸው፣ ዳሩ ግን ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ተስቦ፣ የቫይታሚን እጥረት የሚያመጣው ስከርቪና የክረምቱ ውርጭ ያደከማቸው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1855 ወደ ሆስፒታሉ ከገቡት መቶ ሕመምተኞች መካከል 42.7 ያህሉ ይሞቱ ነበር።

ናይቲንጌል በነዚያ ወራት ያደረገችው በቅድሚያ የአስተዳደር ሥራ ነው። የጦሩ ሐኪሞች አስቀድመው አስታማሚዎቹን ለመቀበል ቢያመነቱም፣ የሕመምተኛው ብዛት ከዐቅማቸው በላይ ሲሆን በሩን ከፈቱላቸው። እርስዋም ከሕዝብ በተዋጣና ከራስዋ በወጣ ገንዘብ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ ሳሕንና ማንኪያ አስገዛች፤ ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ቤት አቋቋመች። ለሚኒስትሩ ትጽፈው በነበረው ደብዳቤም ስለ ስንቅና ስለ አልባሳት መጓደል ያለማቋረጥ ታመለክት ነበር። ይህ ሁሉ እየተደረገ ግን ሞቱ አልቀነሰም።

በማርች 1855 መንግሥት የላከው የጽዳት ኮሚሽን ስኩታሪ ደረሰ። ሐኪሙ ጆን ሰዘርላንድና መሐንዲሱ ሮበርት ሮውሊንሰን ካባሎቹ መካከል ነበሩ። እነርሱም የተዘጉትን ቦዮች አስከፍተው አስጠረጉ፤ የውኃውን መስመር አስመረመሩ፤ የእንስሳት ሬሳ አስወገዱ፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፤ አየር የሚገባበትንም ቀዳዳ አስከፈቱ። በጁን ወር የሆስፒታሉ የሞት መጠን ከመቶ ወደ 2.2 ወረደ።

ናይቲንጌል በኦገስት 1856 ወደ አገርዋ ስትመለስ ዝናዋ በመላው እንግሊዝ ገኖ ነበር። እርስዋ ግን የተዘጋጀላትን አቀባበል ሸሽታ በሌላ ስም ተጉዛ ቤትዋ ገባች። በክሪሚያ ሳለች የያዛት ትኩሳት ጤናዋን ስለ ጎዳው ከ1857 ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜዋን ከአልጋ ሳትርቅ ለማሳለፍ ተገደደች። በዚያው ዓመት ስለ ሠራዊቱ ጤና የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሴት አባል መሆን ስለማትችል ስምዋ ከአባላቱ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ይሁን እንጂ ለኮሚሽኑ ማስረጃውን በማሰባሰብና በማሰናዳት ከማንም ይበልጥ የደከመችው እርስዋ ነበረች።

በዚህ ሥራ የረዳት የእንግሊዝ የልደትና የሞት ምዝገባ መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ሹም ዊልያም ፋር ነው። ሁለቱ የጦሩን መዝገቦች ሲመረምሩ የገጠማቸው የመጀመሪያ ችግር የመዝገቦቹ አለመስማማት ነበር። በስኩታሪ የሟቾች ቁጥር ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይመዘገብ ስለ ነበር፣ አንዱ መዝገብ ከሌላው አይገጥምም። የበሽታው ስምም በየሐኪሙ ልማድ ይለያይ ነበር። በመሆኑም ከመደመራቸው አስቀድሞ ቁጥሮቹን ማስተያየትና ምክንያተ ሞቱን በሦስት ክፍል መደልደል አስፈለጋቸው፤ እነርሱም ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ፣ ቁስልና ሌላ ምክንያት ናቸው።

ከዚያም የየወሩን ሞት ከሠራዊቱ ብዛት ጋር አነጻጸሩ። ለምሳሌ በጃንዋሪ 1855 የሠራዊቱ ቁጥር 32,393 ነበር። በዚያ ወር ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ 2,761 ወታደሮች ሲሞቱ፣ በቁስል የሞቱት 83፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት 324 ነበሩ። ይህም ማለት በጠላት ጥይት አንድ ሰው ሲሞት በበሽታ ሠላሳ ሦስት ሰው ሞቷል ማለት ነው። የበሽታው ሞት በዚያው መጠን ዓመቱን ሙሉ ቢቀጥል፣ ከአንድ ሺህ ወታደር አንጻር የሚመዘገበው የዓመት ሞት ከአንድ ሺህ በላይ ይሆን ነበር። ምትክ ጦር ባይላክ ኖሮ መላው ሠራዊት ዓመት ሳይሞላው ያልቅ እንደ ነበር ከዚህ ሒሳብ መረዳት ይቻላል።

ንጽጽሩ በዚህ አላበቃም። ሆስፒታሎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ፣ ስኩታሪ ከግንባሩ አጠገብ ከነበሩት ሆስፒታሎች ይልቅ ብዙ ሰው የሞተበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ወታደሩ ከጦር ሜዳ ጭቃና ብርድ ወጥቶ ይድናል ተብሎ የተላከበት ቤት ራሱ ገዳይ ነበር። ይህ ግኝት በናይቲንጌል ሐሳብ ላይ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ነገር ግን ያደረገችው ነው። ሕዝቡ የርኅራኄ ምሳሌ አድርጎ በሚያከብራት ጊዜ፣ ዝናዋ የተመሠረተበት ሆስፒታል በነዚያ የክረምት ወራት ምን ዓይነት ስፍራ እንደ ነበር በቁጥር ገልጻ ጻፈች። ከስምንት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን ይህን ዘገባ በ1858 በራስዋ ገንዘብ አሳትማ ሥልጣን ላላቸው ሰዎች አደለች።

ሹማምንት ሠንጠረዥ ማንበብ እንደሚሰለቻቸው ስለምታውቅ ቁጥሩን በሥዕል አቀረበችው። ሥዕሉ ክብ ሆኖ በዐሥራ ሁለት ወራት የተከፈለ ነው፤ የያንዳንዱ ክፍል ስፋት የዚያን ወር ሞት ያመለክታል፤ ቀለሞቹም የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። ከኤፕሪል 1854 እስከ ማርች 1855 ያለው ዓመት በአንድ ክብ፣ የጽዳት ሥራ ከተጀመረ በኋላ ያለው ዓመት ደግሞ በሌላ ክብ ጎን ለጎን ተሥሏል። ማንም ሰው ሁለቱን በማየት ብቻ የለውጡን ከፍተኛነት ይገነዘባል። በ1858 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት።

በዛሬው የምርምር ሥርዓት ሲመዘን ማስረጃዋ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ከጽዳቱ ሥራ ጋር በአንድ ጊዜ ክረምቱ አልፏል፤ የሕመምተኛው መጨናነቅ ቀንሷል፤ ከባላክላቫ ወደብ ወደ ግንባሩ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ስንቅ መድረስ ጀምሯል። ስለዚህ ከሞቱ መቀነስ የትኛው ክፍል በጽዳት፣ የትኛው በሌላ ምክንያት እንደ መጣ በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ በማስተያየት ብቻ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው። ደግሞም በሽታ ከተበከለ አየር ይመነጫል ብላ ታምን ስለ ነበር፣ የተሕዋስያን ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ እንኳ ለብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ተመልክታዋለች። ያም ሆኖ ንጹሕ ውኃ፣ ሰፊ ቦታና የተጠረገ ቦይ ሕይወት እንደሚያድኑ የደረሰችበት መደምደሚያ የጸና ነው።

የኮሚሽኑ ውጤት በብዙ አቅጣጫ ታየ። የወታደር ሰፈሮችና ሆስፒታሎች ተሻሻሉ፤ በ1860 የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለሠራዊቱ የጤና ስታቲስቲክስ የሚሰበስብ ክፍል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስምዋ የተሰየመው የነርሶች ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ። በለንደን ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤም ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ የሚያስችል ዕቅድ አቀረበች። ጉባኤው ዕቅዱን ደገፈው፤ አንዳንድ የለንደን ሆስፒታሎችም ሞከሩት። ቅጹ ግን ለዕለታዊ ሥራ እጅግ የተወሳሰበ ሆኖ በመገኘቱ ሊዘልቅ አልቻለም። ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ሊሞላው የማይችል ቅጽ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን እንደማይጠቅም ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ ትኩረትዋ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደ ነበረችው ወደ ሕንድ ዞረ። ወደ አገሪቱ ባትሄድም የጥያቄ ቅጽ በየጦር ሰፈሩ እንዲላክ አድርጋ የመጣውን መልስ መረመረች። በ1863 የወጣው ዘገባ በሕንድ ከነበሩት አንድ ሺህ የእንግሊዝ ወታደሮች በዓመት 69 ይሞቱ እንደ ነበር ገለጸ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 18 ዝቅ ማለቱን ለመናገር በቃች። ምርመራዋ ከወታደሩ አልፎ ወደ ሕዝቡ ተሻገረ። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብ ሕንድ የደረሰው ረኃብ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ሲፈጅ፣ ምክንያቱ የዝናም እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ጻፈች። ገበሬው በአራጣ ዕዳ መያዙን፣ የመሬት ይዞታው ዋስትና የሌለው መሆኑን፣ የመስኖ ሥራም ችላ መባሉን በማስረጃ እየጠቀሰች መንግሥትን ወቀሰች። በዚህ ረገድ የለፋችው ልፋት እንደ ጦር ሰፈሩ ፈጣን ፍሬ አላፈራም።

የቀይ መስቀል መሥራች ሄንሪ ዱናን የክሪሚያ ሥራዋ ለሐሳቡ መነሻ እንደ ሆነው በይፋ መስክሯል። እርስዋ ግን ንቅናቄው ሲጀመር አንድ ሥጋት ነበራት፤ በጎ ፈቃደኞች የቁስለኞችን እንክብካቤ ከተረከቡ መንግሥታት የገዛ ግዴታቸውን ይተዋሉ የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በርዳታ ሥራ ላይ በተሰማሩት ሰዎች ዘንድ ዛሬም አልቆመም።

ናይቲንጌል በእርጅናዋ ዐይንዋ ታወረ። በ1907 የሜሪት ኒሻን የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በተወለደች በዘጠና ዓመትዋ ዐረፈች። በዌስትሚንስተር ገዳም እንድትቀበር ቢታሰብም ቤተ ሰብዋ አልተቀበሉትም፤ በሃምፕሺር በምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ በቤተ ሰብዋ መቃብር ተቀበረች። በመቃብርዋ ላይ የስምዋ የመጀመሪያ ፊደላትና የልደትዋና የሞትዋ ጊዜ ብቻ ተጽፏል።

በዛሬው ዘመን በስደተኞች ሰፈር ወይም በረኃብ አካባቢ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ከዐሥር ሺህ ሰው በቀን አንድ ሰው መሞቱን የአስቸኳይ አደጋ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ይህን ለማለት በሰፈሩ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደ ሞተና በምን እንደ ሞተ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። በስኩታሪ በመጀመሪያው ክረምት አራት ሺህ ያህል ወታደሮች ሲሞቱ እንዲህ ያለው መዝገብ በወቅቱ ተሟልቶ አልተገኘም፤ መልሱ የታወቀው እነርሱ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በአደጋ ስፍራ ከሕመምተኛው አጠገብ የቆመ ነርስ ወይም ሐኪም በዚያው ዕለት የሚሞላው መዝገብ በሕይወት ላሉት የሚደርስ በመሆኑ፣ ከማስታመሙ ሥራ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።