የቀሬናው ካሊማኮስና ስማቸው የጠፋ ጥቅሎች

ስም የሌለውን ጽሑፍ ከውስጡ አንብቦ በየወገኑ የማኖርን ሥራ በሥርዓት ከጀመሩት ጥንታውያን መካከል ግንባር ቀደሙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ310 ገደማ በሰሜን አፍሪካ በቀሬና ከተማ የተወለደው ካሊማኮስ ነው። አባቱ ባቶስ ይባል ነበር፤ እርሱም ትውልዱን የከተማይቱ መሥራች ከሆነው ከጥንቱ ባቶስ ይቆጥር ነበር። የዘር ሐረጉ እንዲህ ከፍ ያለ ይሁን እንጂ፣ ሥራውን የጀመረው በእስክንድርያ አጠገብ ኤሌውሲስ በተባለች መንደር ሰዋስው በማስተማር ነው። ከዚያም ወደ ንጉሥ በጥሊሞስ ፊላዴልፎስ አደባባይ ተጠራ፤ የቀረውን ዕድሜውንም በባለቅኔነትና በሊቅነት በዚያው አሳለፈ።

በቅኔው የታወቀው በአጫጭር፣ ተመርጠው በተሰደሩ ቃላት ነው። የንግሥት በረኒቄ የጠጉር ጉንጉን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከከዋክብት ጋር እንደ ተቆጠረ የተቀኘው እርሱ ነበር። ትልቅ መጽሐፍን እንደ ትልቅ መከራ የሚቈጥር ይህ ሰው፣ ኋላ 120 ጥቅል የሞላ ማውጫ ማዘጋጀቱ ጥቂት ፈገግ ያሰኛል።

ማውጫው አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ነገሥታቱ መጽሐፍ የሚሰበስቡት በግዢ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም ነበር። ሐኪሙ ጋሌኖስ እንደ ጻፈው፣ ወደብ በደረሱ መርከቦች የተገኘ መጽሐፍ ሁሉ እየተወሰደ ይገለበጥና ዋናው ለቤተ መጻሕፍቱ ቀርቶ ግልባጩ ለባለቤቱ ይመለስ ነበር። ኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች የጥቅሎቹን ቁጥር በመቶ ሺህ ይገምቱታል፤ ቁጥሩን ማመን ቢያዳግትም ክምሩ እጅግ ትልቅ እንደ ነበር አያጠራጥርም። የፓፒረስ ጥቅል ደግሞ ጀርባ የለውም። ስሙ የሚጻፈው ከጫፉ በምትንጠለጠል ትንሽ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቁራጯ ከወደቀች ጥቅሉ ከሌሎቹ አይለይም። በጽሑፉ መጨረሻ ርእስ ቢኖርም፣ እርሱን ለማየት ጥቅሉን እስከ ውስጡ መዘርጋት ግድ ነው። ስሙ የጠፋበት ድርሰት ሳይቃጠልና ሳይሰረቅ፣ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይጠፋል፤ ወይም የሌላ ሰው ስም ይሰጠዋል።

ካሊማኮስ ፒናኬስ በተባለው ማውጫው ደራስያንን በየወገናቸው ከፈለ፤ የአንደበት ሊቃውንት፣ የሕግ ጸሐፍት፣ ባለቅኔዎች፣ ፈላስፎች እያለ። ስሞች ይመሳሰሉ ስለ ነበር የደራሲውን አባት፣ አገርና መምህር ጨመረ፤ በአባት ስም ለሚጠራ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ትልቁ ብልኃቱ ግን የድርሰቱን የመጀመሪያ ቃላትና የመስመሮቹን ቁጥር መመዝገቡ ነበር። ቁራጯ ብትወድቅም መጀመሪያው ከጽሑፉ አይለይም፤ ቁጥሩም ጽሑፉ ሙሉ መሆን አለመሆኑን ይመሰክራል። ከየትኛውም ወገን ላልሆኑት የልዩ ልዩ ጽሑፎች ክፍል አበጀ። በዚያም ኬሬፎን የተባለ፣ በሰው ማዕድ የሚኖር አቴናዊ ስለ ግብዣ የጻፈውን ከመነሻ ቃላቱና ከ375 መስመሮቹ ጋር አስገባ። ስለ ኅብስተ መዓር አሠራር የጻፉትንም አልናቀም።

ቅጥያ የሌላቸው አሮጌ የኮምፒዩተር ፋይሎች የተረከበ የመዝገብ ሠራተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የቀድሞዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች የፋይሉን ዓይነት ከስሙ ለይተው ያኖሩ ስለ ነበር፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ሥርዓት ሲገለበጥ ያ ምልክት እንደ ጥቅሉ ቁራጭ ይወድቃል። በ1973 እ.ኤ.አ. በዩኒክስ ሥርዓት የታየው ፋይል የተባለው ትእዛዝ ስምን ሳይጠይቅ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አንብቦ ሥዕል ነው፣ ድምፅ ነው፣ ጽሑፍ ነው ይላል። ፋይንድ የተባለው ትእዛዝ ክምሩን እየዞረ ያቀርብለታል፤ ደብልዩሲ የሚባለውም መስመር ይቆጥራል። መጀመሪያው ግን ሁልጊዜ በቂ አይደለም። ብዙዎቹ የቅርብ ዘመን የጽሕፈት ሰነዶች በዚፕ የታመቁ ስለሆኑ መነሻቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ካልታየ ከተራ የታመቀ ፋይል ጋር ይደባለቃሉ።

ካሊማኮስም ይህ ገጥሞታል። ሶፊስቱን ፕሮዲቆስን ከአንደበት ሊቃውንት ጋር በመመደቡ ተነቅፏል። ከዚህ የከበደው ግን የአሪስቶፋኔስ ተውኔት ጉዳይ ነው። ደመናዎች የተባለው ተውኔት በ423፣ የኤውፖሊስ ማሪካስ ደግሞ በ421 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንደ ቀረቡ የአቴና የትርኢት መዝገብ ያሳይ ነበር። ካሊማኮስ በእጁ ባለው የደመናዎች ጽሑፍ ውስጥ ማሪካስ አስቀድሞ እንደ ታየ የሚናገር ቃል አገኘና መዝገቡን ነቀፈ። የአገሩ ልጅ ኤራቶስቴኔስ ግን ነገሩን ፈታው፤ አሪስቶፋኔስ ተውኔቱን ኋላ አርሞታል፣ የታረመውም መድረክ ላይ አልወጣም። መዝገቡ ልክ ነበር፤ ጽሑፉም ልክ ነበር። ሁለት ቅጂ መኖሩን ያላሰበው መርማሪው ነው። ዛሬም ፋይል ሲገለበጥ አሮጌው ቀን እንዲጠበቅ ካልታዘዘ ግልባጩ የተገለበጠበትን ቀን ይይዛል፤ ውስጡና ቀኑ ሲጣሉ አንዱን ቸኩሎ ሐሰተኛ ማለት የሊቁን ስሕተት መድገም ነው።

መነሻው የጠፋ ጽሑፍ ምን እንደሚያደርስ አዱሊስም ምስክር ናት። የበረኒቄ ባል የሣልሳዊ በጥሊሞስ የድል ጽሑፍ በዚያ ቆሞ ነበር፤ አጠገቡም የአንድ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ዙፋን ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመነ መንግሥት፣ ነጋዴው ኮስማስ ሁለቱን ገለበጠ። የዙፋኑ ጽሑፍ የንጉሡን ስም የያዘውን መነሻውን አጥቶ ስለ ነበር ኮስማስ የበጥሊሞስ ቀጣይ አድርጎ አነበበው። ያ የአክሱም ንጉሥ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ካሊማኮስ በ240 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ሞተ። ፒናኬስም ጠፋ፤ የምናውቀው ሌሎች ጸሐፊዎች ለክርክራቸው እየጠቀሱ ያቆዩትን ብጥስጣሽ ብቻ ነው። በግብፅ በኦክሲሪንኮስ ከአሸዋ ውስጥ በወጣ አንድ ፓፒረስ ላይ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሹማምንት ስም ተዘርዝሯል። ከሹማምንቱ መካከል ካሊማኮስ የለም። ስሙ የሚገኘው አፖሎኒዮስ ዘሮድስ የማን ደቀ መዝሙር እንደ ነበር በሚገልጸው ቃል ላይ ነው።