የአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሕይወትና ማስጠንቀቂያው

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሽንፋ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ማጭድ እግሬን ቈረጠኝ። እንደ አገራችን ልማድ የእንክብል መድኃኒት ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስሁበት፤ ቁስሉ ግን መገለ። በኋላ ከጤና ጣቢያ የታዘዘልኝንም መድኃኒት ሕመሙ ሲተወኝ በሦስተኛው ቀን አቋርጬ የተረፈውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ስሕተቴን የተረዳሁት የፍሌሚንግን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1881 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በስኮትላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የሞተው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ለንደን በሚገኘው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሕክምና ተምሮ በዚያው ተመራማሪ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ አገር ሲያገለግል፥ ከጥይት የተረፉ ብዙ ወታደሮች ቁስላቸው እየመገለ ሲሞቱ አየ። ይህም ከልቡ አልጠፋም።

በ1928 ዓ.ም. ከዕረፍት ሲመለስ፥ ባክቴሪያ ካራባባቸው ሳሕኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፥ በዙሪያው ያለውም ባክቴሪያ ጠፍቶ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን አጥቦ በደፋው ነበር፤ እርሱ ግን መረመረው። ከሻጋታው የሚወጣውንም ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። አጣርቶ መድኃኒት ማድረግ ግን አልሆነለትም፤ ይህን ሥራ ፍሎሪና ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር በኦክስፎርድ ፈጸሙት። በ1945 ዓ.ም. ሦስቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ፍሌሚንግ በዚያ የክብር ወቅት እንኳ ከማስጠንቀቅ አልተቈጠበም። መድኃኒት ከልክ በታች ሲወሰድ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ብርቱው ግን ተርፎ ይራባል፤ ወደ ሌላ ሰውም ሲተላለፍ መድኃኒቱ አይበግረውም። በ1955 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት ፔኒሲሊን የማይገድለው ባክቴሪያ በለንደን ሆስፒታሎች በዝቶ ነበር።

ዛሬ በጎንደርና በሌሎችም የአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ምርመራዎች ብዙ መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። በ2019 ዓ.ም. በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከቈላችን ተነሥታ ለመውለድ ጎንደር የምትሄድ እናት፥ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት የቀን ሠራተኛ፥ የሚተኙት በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ እምቢ ካለ ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ወገኖቼ፥ የታዘዘልንን እንጨርስ፤ ያልታዘዘልንን አንዋጥ፤ በሽተኛ ስንጠይቅ እጃችንን እንታጠብ። እኔም ለወንድሜ ሌላ እንክብል አልሰጠውም፤ ይህን ታሪክ ግን ነግሬዋለሁ።