ጫማ ቀቅሎ የበላው ቀልደኛ

ቻርሊ ቻፕሊንን በክብ ባርኔጣው፣ በቀጭን ከዘራውና እግሩን ወደ ውጭ ከፍቶ በሚራመደው አካሄዱ የማያውቀው የሲኒማ ተመልካች ጥቂት ነው። ዛሬ የዚህን ዝነኛ ቀልደኛ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከአንድ አሮጌ ጫማ ተነሥተን ነው።

ቻፕሊን የተወለደው በ1889 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ወላጆቹ በቴያትር ቤት እየዘፈኑ የሚተዳደሩ ነበሩ። ነገር ግን አባቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ በመጠጥም ተጎድቶ በ1901 ዓ.ም. ሞተ። እናቱም አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ገባች። ቻርሊ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ድሆች መጠለያ ተላከ። እንግዲህ ረሃብን ያወቀው በገዛ ሆዱ ነበር።

በ1910 ዓ.ም. ከአንድ የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልሙ ታየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ስሙ በዓለም ሁሉ ተጠራ።

አንድ ቀን በወዳጁ በተዋናዩ በዳግላስ ፌርባንክስ ቤት ሳለ፣ ወርቅ ፈላጊዎች በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ተሰልፈው ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየ። ቀጥሎም በ1846 ዓ.ም. በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ስለ ያዛቸው መንገደኞች የሚተርክ መጽሐፍ አነበበ። እነዚያ ምስኪኖች ቆዳ ቀቅለው፣ በመጨረሻም የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት ደርሰው ነበር። ሌላው ሰው የሚያለቅስበትን ይህን ታሪክ ቻፕሊን ወደ ሣቅ ለወጠው። «ዘ ጎልድ ራሽ»፣ ማለትም የወርቅ ፍለጋ ጥድፊያ የተባለው ፊልም የተፀነሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

ሥራው በ1924 ዓ.ም. ተጀመረ። ለተራራው ትርኢት ከሳክራሜንቶ ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ቤት የለሽ ድሆች በባቡር መጥተው በበረዶው ላይ ተሰለፉ። የቀረው አብዛኛው ክፍል የተነሣው በስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚያም ጀሶ፣ ጨውና ዱቄት በረዶ መስሎ ተነሰነሰ። ስለ ረሃብ በተሠራ ፊልም ዱቄት መሬት ላይ መበተኑ የሚያስገርም ነው።

ጫማውም ቢሆን ሊኮሪስ ከሚባለው ጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነበር። ትርኢቱ እስኪያምር ድረስ በ3 ቀን ውስጥ 63 ጊዜ ተነሣ። ከረሜላው ሆድ የሚያላላ በመሆኑ ቻፕሊንና ጓደኛው ማክ ስዌን ከሥራው በኋላ ብዙ ተሠቃዩ። የተራበው ጓደኛው ቻፕሊንን ዶሮ አድርጎ በሚያይበት ክፍል ደግሞ፣ የዶሮውን ልብስ ሌላ ሰው ቢለብሰው ዶሮ ሊመስል አልቻለም፤ ስለዚህ ቻፕሊን ራሱ ለብሶ ክንፉን እያራገበ ሠራው።

ፊልሙ በ1925 ዓ.ም. ወጥቶ እጅግ ተወደደ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ ቻፕሊን በራሱ ድምፅ እየተረከ እንደገና አወጣው። በ1952 ዓ.ም. ግን በፖለቲካ ተጠርጥሮ ወደ አሜሪካ የመመለስ ፈቃዱ ስለ ተሰረዘበት በስዊስ አገር ተቀመጠ። ከ20 ዓመት በኋላ የክብር ኦስካር ሽልማት ለመቀበል ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. በፈረንጆች የልደት ቀን በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ያን ትርኢት ዛሬም ስናየው፣ ድሃው ሰው ጫማውን እንደ ሙክት ሥጋ በጥንቃቄ ይቆርጣል፤ ክሩን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል፤ ምስማሩንም እንደ ዶሮ አጥንት ይመጥጣል። የሚያስቀን ጫማ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ተርቦም የገበታ ሥርዓቱን አለመርሳቱ ነው። ይህንንም ክብር የተማረው በልጅነቱ፣ በድሆች መጠለያ ውስጥ ይመስለናል።