ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878 – 1911 ዓ.ም.) ጸሐፊ፣ የኢኮኖሚ አሳቢና የመንግሥት ሹም ነበሩ። በሕይወታቸው መጨረሻ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የከተማዋ የንግድና የጉምሩክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ይበልጥ የሚታወቁት ግን «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባሉ ሁለት ሥራዎቻቸው ነው።

ልጅነትና ትምህርት

በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በመተማው ጦርነት ሞቱ። ወቅቱ ክፉ ቀን የሚባለው የረሀብ ዘመን ነበር። ገብረ ሕይወት በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ሄደው በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ከጓደኞቻቸው ጋር ምፅዋ ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ተሳፍረው ተደብቀው ቀሩ። መርከቡ ከተነሣ በኋላ ስለተገኙ ካፒቴኑ አውሮፓ አድርሶ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም አሳድጎ አስተማራቸው። በበርሊን ሕክምና ተምረዋል።

በቤተ መንግሥት

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። በ1899 ዓ.ም. በደጃዝማች መሸሻ ወርቄ የተመራው መልእክተኛ ቡድን ወደ ጀርመን ሲላክ አስተርጓሚው እሳቸው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ከታመሙ በኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ተሞላ። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ምኒልክ ተመርዘዋል ብሎ ባስነሣው ውዝግብ ጀርመንኛ የሚያውቁት ወጣትም ሳይነኩ አልቀሩም። ከሀገር ወጥተው ጥቂት ዓመታት በስደት አሳለፉ።

የመጀመሪያ ሥራቸው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ውስጥ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ በታተመው «ብርሃን ይሁን» ላይ ወጣ። ጽሑፉ ምኒልክን ሲያመሰግንም ሲወቅስም ያለ ፍርሃት ነው። ከዚያም ለተተኪው ልጅ ኢያሱ መሠራት ያለባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ ተጽፎ እንዲወጣ፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ። ደራሲው በዚያን ጊዜ ገና 26 ዓመት ገደማቸው ነበር።

የድሬዳዋ ነጋድራስ

ከስደት ተመልሰው የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ከልጅ ኢያሱ መውረድ በኋላ ደግሞ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴዎች አለቃና በንግድ ክርክር ዳኛም ነበር። ድሬዳዋ ያኔ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። የተመሠረተችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት ሲሆን መጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው፣ ጨርቅና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ የሚገባው በአብዛኛው በእሳቸው በር ነበር። ይሁን እንጂ ሥልጣናቸው ገደብ ነበረው። ከፈረንሳይ ጋር በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከ8 እስከ 10 በመቶ ወስኖት ነበር። ነጋድራሱ የገቢውን ዕቃ ማየት ይችላሉ፤ ቀረጡን ከዚያ በላይ ማድረግ ግን አይችሉም።

ሁለተኛው መጽሐፋቸው የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም በዕውቀት ሲታገዝ ብዙ እንደሚያፈራ ያስረዳል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል፤ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚወስድ ሀገር የሌላው ጥገኛ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ያቀረቡት መድኃኒት የውጭ ንግድን መዝጋት አልነበረም፤ ትምህርትን ማስፋፋት፣ በሀገር ውስጥ ማምረትና የጉምሩክን ሥርዓት ማስተካከል ነው። በኋላ የመጡ የኢኮኖሚ ምሁራን ይህን ሐሳብ ከላቲን አሜሪካ የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ ጋር ያወዳድሩታል። የድሬዳዋው መጽሐፍ ግን ከዚያ በብዙ አሥርት ዓመታት ይቀድማል።

ዛሬ የድሬዳዋ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ታይዋን የሚባለውን ገበያ ነው፤ ከውጭ በሚገቡ የኤሌክትሮኒክስና የልብስ ሸቀጦች የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ታይዋን የተባለችው ደሴት ራሷ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከስኳርና ከሩዝ ላኪነት ተነሥታ የፋብሪካ ዕቃ አምራች ሆናለች። ገብረ ሕይወት በዘመናቸው ለዚህ ዓይነት ለውጥ ምሳሌ ያደረጓት ጃፓንን ነበር።

ሞትና ከሞት በኋላ

ገብረ ሕይወት ሰኔ 24 ቀን 1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ገደማቸው ሐረር ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ታትሞ አላዩትም፤ በ1916 ዓ.ም. በጳውሎስ መናመኖ መቅድም አዲስ አበባ ታተመ። በ1995 እ.ኤ.አ. ተንክር ቦንገር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ለንደን ላይ አሳተመው። የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለነበሩ ምሁራን በጻፉት መጽሐፍ ለገብረ ሕይወት ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ሁለቱ ሥራዎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአንድ ላይ በድጋሚ ታትመዋል።