ኒኮላ ቴስላ እና ሰው አልባዋ ጀልባ

በዲፓርትመንታችን ቴስላን የምናውቀው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣላ! እኔ ግን ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ሌላ ሥራውን ነው። የሳንጃ ልጅ ነኝ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ጎንደር ላይ እጁን ከመስጠቱ በፊት በከተማዋ ዙሪያ ፈንጂ ቀብሮ እንደነበር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ ሰው ሳይጠጋው ፈንጂ የሚያመክነው መኪና ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ስፈልግ ቴስላን አገኘሁት።

ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ባለችው ስሚልያን መንደር ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ነበር ምኞታቸው (ይሄ ለጎንደር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም)። እሱ ግን ኮሌራ ይዞት አልጋ ላይ ሳለ፣ ከዳነ ምህንድስና እንዲያስተምሩት ቃል አስገባቸው። ዳነ፣ ተማረም። በ1884 አሜሪካ ገብቶ ኤዲሰን ዘንድ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ አልተስማሙም፣ ተለያዩ።

በ1898 ኒውዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ገንዳ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ጀልባ አንሳፈፈ። ገመድ የላትም፣ ሰውም አልጫነችም። እሱ ዳር ቆሞ በሬዲዮ ሞገድ ያዛታል፤ እሷ ትዞራለች፣ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ውስጧ የሰለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ያለ ሰው ሳይኖር አልቀረም ይባላል። የፈጠራ መብቱን በዚያው ዓመት አገኘ፤ የአሜሪካ ጦር ግን ከቁም ነገር አልቆጠረለትም። ሶቪየቶች በ1939 ፊንላንድ ላይ በሬዲዮ የሚታዘዙ ታንኮች ሲያዘምቱ ቴስላ በሕይወት ነበር። በ1943 ኒውዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሞተ።

እኔን ያስገረመኝ የኋላው ነው። በ1990ዎቹ ጦርነት የተወለደበት ቤት ተቃጠለ፤ አካባቢውም ፈንጂ ተቀበረበት። ከዚያው አገር፣ ዛግሬብ ያለው ዶክ-ኢንግ ኩባንያ ኤምቪ-4 የሚባል ሰው አልባ ማሽን ሠራ። ሠራተኛው ራቅ ብሎ በሬዲዮ ያዘዋል፤ ማሽኑ ጫፋቸው መዶሻ የሆነ ሰንሰለቶችን እያሽከረከረ መሬቱን ይወቃል፣ ፈንጂው ወይ ይፈነዳል ወይ ይሰባበራል። ሰንሰለት ቢበጠስ ይቀየራል፤ እግር ግን አይቀየርም።

በአገራችን የፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ2001 ሲሆን፣ ከሰው ሌላ ውሾችንና ማሽኖችንም አሰማርቷል። ማሽን ግን ገደልና ድንጋያማ ቦታ አይወድም፤ የአርማጭሆን ተረተር ያየ ይገባዋል። ደልዳላው ላይ እንኳ ማሽኑ ካለፈ በኋላ፣ መመርመሪያውን የያዘ ሰው ተንበርክኮ ቦታውን እንደገና ያስሰዋል።